ላምባዳ፦ አንድ ዘፈን፣ ሦስት ስም፣ የጅማ ቅልቅል

ባለፈው ጥር ጅማ ውስጥ አንድ ቅልቅል ላይ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ሳለ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ዘፈን ጠየቁኝ። አንደኛዋ የሙሽሪት ጓደኛ ናት። ስልኳን ከፍታ መጣችና «የጄሎን ኦን ዘ ፍሎር ትችላታለህ?» አለችኝ፤ ጄሎ የምትላት አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ጄኒፈር ሎፔዝን ነው። ሁለተኛው የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው የከተቱ ሰው። «ስማ አንተ ልጅ፣ ላምባዳን አምጣት እስቲ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሦስተኛው ሳውንድ የሚሠራልን ልጅ ነው። እሱ ቪዲዮ ቤት ያደገ የህንድ ፊልም ሱሰኛ ስለሆነ «ያቺን የጋያልን ዜማ ንካት» አለኝ፤ ጋያል የህንድ ፊልም ነው።

አንድ ጊዜ ተጫወትኩና ሦስቱንም ገላገልኳቸው። አንድ ዘፈን ነዋ!

የገረመኝ ሦስቱም የጠየቁት እንደደረሳቸው አምነው መጨፈራቸው ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። አጎትየው መቶ ብር ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። የሳውንዱ ልጅ ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ ልክ እንደ አክተሩ ደረቱን ነፍቶ ይወዛወዛል። ማንም «ይሄ የኔ ዘፈን አይደለም» አላለም።

እሱ ሳያንስ ዘፈኑ መሀል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አራት አምስት ደቂቃ ፈጅቷል፤ ለሙዚቀኛ ይሄ ሞት ነው፣ ሰው ወደ ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ማስነሳት ምን ያህል እንደሚያደክም የሠራ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን የተመለሰ የለም። ከበሮ ይዘው የነበሩት እትዬ ምቱን ቀጠሉ፣ ሰዉ ደግሞ በጨለማው «ላላላ ላላ ላላ» እያለ ዜማውን ይዞ ሄደ። አማርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ ከዳውሮ የመጡት የሙሽሪት ዘመዶች ሁሉ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ግጥሙን የሚያውቅ አንድ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ዜማውን የማያውቅ ግን አልነበረም።

እኔም አላውቀውም ነበር እኮ። አሥር ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ስጫወተው «የብራዚል ዘፈን ነው» ከማለት ያለፈ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ማን እንደደረሰው፣ ስለ ምን እንደሚያወራ፣ ምንም። ከዚያ ቅልቅል በኋላ ነው የገባሁበት፤ ብዙ ማታም ፈጅቶብኛል። ይህ ጽሑፍ ያገኘሁት ነው።

ሲጀመር ዘፈኑ ብራዚላዊ አይደለም። የቦሊቪያ ነው። ኮቻባምባ ከሚባለው አካባቢ የወጣ ሎስ ካርካስ የሚባል ባንድ አለ፣ የአንዲስ ተራሮችን ባህላዊ ሙዚቃ የሚጫወት፣ በአገሩ እጅግ የተከበረ። ከባንዱ መሥራቾች ወገን የሆኑት ጎንዛሎ እና ኡሊሴስ ኤርሞሳ የሚባሉ ወንድማማቾች ዘፈኑን ደረሱት፤ በፈረንጆቹ 1981 «ዮራንዶ ሴ ፉዌ» በሚል ርዕስ ወጣ። ትርጉሙ «እያለቀሰች ሄደች» ማለት ነው። ሴቲቱ እያለቀሰች ስትሄድና ሰውየው ያለ ፍቅሯ ብቻውን ሲቀር ነው ነገሩ። ቻራንጎ በሚባል ባለ አሥር ክር ትንሽ መሣሪያና በሸምበቆ ዋሽንቶች የተሠራ ነው። ዝግ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ። ከነጭ ሸሚዝና ከፓርቲ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

(አሁን ሳስበው ለሰርግ የማይሆን ግጥምም አይደለም። ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ምን ታደርጋለች? ታለቅሳለች። እያለቀሰች ትሄዳለች። ሰዉም ከበሮ እየመታ ይሸኛታል።)

ከዚያ ዘፈኑ መጓዝ ጀመረ። በ1984 ፔሩ ውስጥ ኳርቴቶ ኮንቲኔንታል የሚባል ቡድን ኩምቢያ ወደሚባለው የላቲን አሜሪካ የጭፈራ ምት አስገባው። ፈጠን አደረጉት። ትልቁ ነገር ግን ዋሽንቶቹ ይዘውት የነበረውን ዜማ ለአኮርዲዮን ሰጡት። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ላላላ» የሚለው መግቢያ፣ እኔም ኪቦርዴ ላይ የአኮርዲዮን ድምፅ መርጬ የምጫወተው፣ መልኩን ያገኘው እዚህ ጋ ነው። ለእኛ ጆሮ ደግሞ አኮርዲዮን እንግዳ አይደለም፤ የድሮ ዘፈኖቻችንን ሰምቶ ያደገ ሰው አኮርዲዮን ሲሰማ ልቡ ቶሎ ይከፈታል። እኔ በበኩሌ ዘፈኑ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀላሉ ቤተኛ የሆነው በግማሽ በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ።

በ1986 ብራዚላዊቷ ማርሲያ ፌሬይራ ወደ ፖርቱጋልኛ መልሳ «ሾራንዶ ሴ ፎይ» ብላ ዘፈነችው። ይህኛው በሕጋዊ መንገድ፣ በፈቃድ የተሠራ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

ላምባዳ የሚለው ስም ራሱ በመጀመሪያ የዘፈን ስም አልነበረም። በሰሜን ብራዚል፣ ፓራ በሚባለው ክልል፣ የተወለደ የጭፈራ ዓይነት ነው፤ ቃሉ በፖርቱጋልኛ ኃይለኛ ምት፣ ግርፊያ ብጤ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው፣ ጉልበት ለጉልበት ተያይዘው የሚጨፍሩት። አያቴ ግን ቃሉን በሰማች ቁጥር የምታስበው ሌላ ነው፤ አጎቶቼ ካሴቱን ሲከፍቱት «ደግሞ የላምባ ዕዳ ይዘፈናል እንዴ?» ትል ነበር አሉ። ላምባ በወረፋ የሚገዛበት ጊዜ ስለነበር አይፈረድባትም።

ወደ ጉዳዩ። ኦሊቪዬ ሎርሳክ እና ዣን ካራኮስ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሰዎች ይህን ጭፈራ ብራዚል፣ ባሂያ የባሕር ዳርቻ ላይ አዩት። ገንዘብ ሸተታቸው። ፓሪስ ተመልሰው ካኦማ የሚባል ባንድ አዋቀሩ፤ ከሙዚቀኞቹ መካከል ቱሬ ኩንዳ ከሚባለው የሴኔጋሎች ባንድ ጋር ሲሠሩ የነበሩ አሉበት። ድምፃዊዋ ሎአልዋ ብራዝ የሪዮ ልጅ ናት። እንግዲህ ይታያችሁ፦ የቦሊቪያ ዜማ፣ የፔሩ አኮርዲዮን፣ የፖርቱጋልኛ ግጥም፣ የብራዚል ጭፈራ፣ ፓሪስ የተሰበሰቡ ሙዚቀኞች። በ1989 ክረምት «ላምባዳ» ብለው ለቀቁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ፈረንሳይ ውስጥ 12 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። የቴሌቪዥን ጣቢያና የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ከጀርባው ነበሩ፤ ቪዲዮው ላይ ባሕር ዳር የሚጨፍሩት ሁለት ሕፃናት ከዘፋኟ በላይ ታወቁ። በአውሮፓ ያልተቆጣጠረው አገር ጥቂት ነው። ዓመት ሳይሞላው ቦምቤይ ደረሰ፤ በ1990 የወጣው ጋያል የሚባለው የህንድ ፊልም ዜማውን ወስዶ በሂንዲ ግጥም ዘፈነበት። የሳውንዱ ልጅ እስከ ዛሬ የህንድ ነው ብሎ የሚከራከረኝ በዚህ ነው። ጃፓንኛም ተዘፍኗል። ጅማ የደረሰው በካሴት ነው፤ አጎቴ መጀመሪያ የሰማው እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ ሄርማታ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ከተሰቀለ ስፒከር እንደሆነና መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ እንዳስደገመው እየማለ ይናገራል።

አሁን ወደ መራራው ክፍል። ካሴቱና ሸክላው ላይ የደራሲው ስም ምን ተብሎ ተጻፈ መሰላችሁ? ቺኮ ዴ ኦሊቬይራ። ብራዚላዊ የሚመስል ስም። የሚገርመው ይህ ሰው የለም፤ ሎርሳክ ራሱ ነው በብዕር ስም። ኤርሞሳዎች የትም አልተጠቀሱም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሸክላ ሲሸጥ፣ ዓለም በሙሉ የእነሱን ዜማ ሲያፏጭ፣ ሰዎቹ ቦሊቪያ ተቀምጠው ዘፈናቸውን እንደ ማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ይሰማሉ። እኔ ይህን ሳነብ ለሎርሳክ ምንም ዓይነት ይቅርታ ልፈልግለት ሞክሬ አላገኘሁም። ማርሲያ ፌሬይራ ከሦስት ዓመት በፊት አስፈቅዳ ሠርታዋለች እኮ! ባለቤት እንዳለው ይታወቅ ነበር። የባህል ዘፈን መስሎን ነው የሚባልበት መንገድ አልነበረም።

ወንድማማቾቹ ከሰሱ። ዝም ብለው «እንግዲህ ፈረንጅ ነው፣ ምን እናደርገዋለን» አላሉም፤ ጉዳዩ በእነሱ አሸናፊነት አልቆ ስማቸው ተመለሰ፣ ድርሻቸውም ታወቀ። ሥራው ያለ ክርክር የእነሱ ሆነ።

ይህ ለምን እንደጠቀመ የታየው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በ2011 ጄኒፈር ሎፔዝ ከፒትቡል ጋር «ኦን ዘ ፍሎር» ስታወጣ፣ ፕሮዲውሰሩ ሬድዋን ያቺን የአኮርዲዮን ዜማ ወስዶ በዳንስ ቢት ላይ አስቀመጣት። እንግሊዝን ጨምሮ በብዙ አገር አንደኛ ወጣ። በዘፈኑ ደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ ጎንዛሎ ኤርሞሳ እና ኡሊሴስ ኤርሞሳ ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ዶን ኦማርም «ታቡ» ብሎ ይህንኑ ዜማ ይዞ ተነሳ። የሙሽሪት ጓደኛ ስልኳ ላይ የከፈተችልኝ ያው የጄሎ ዘፈን ነው፤ ከውስጡ የቦሊቪያ ወንድማማቾች አሉ፣ እሷ ግን የተወለደችው ላምባዳ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይመስለኛል።

እንደ ሙዚቀኛ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ለምን ይሄኛው? የዚያ ዘመን የክረምት ዘፈኖች ስንት ናቸው፣ አብዛኞቹን ዛሬ ብትጫወት ሰው «ምንድነው እሱ» ነው የሚልህ። ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ደርድሬ፣ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ እየነካሁ ሳዳምጣቸው የታየኝ ነገር ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ተረካቢ የቀየረው አንድ ዋና ነገር ብቻ ነው። ፔሩዎቹ መሣሪያውንና ፍጥነቱን ቀየሩ፣ ቋንቋውን ግን አልነኩም። ማርሲያ ቋንቋውን ቀየረች። ካኦማዎች ሙዚቃው ላይ የጨመሩት ያን ያህል አይደለም፣ ምስል ነው የጨመሩት፤ ባሕሩን፣ ቀሚሱን፣ ጭፈራውን፣ ስሙን። ጄሎ ጋ ሲደርስ ግጥሙ በሙሉ ተጥሎ ዜማዋ ብቻ ቀረች። በዚህ ሁሉ መሀል ያልተነካው ያ ወደ ታች የሚንሸራተተው ዜማ ነው፤ ማይነር በሚባለው የትካዜ ቃና ላይ ያለ፣ አንድ ሐረግ ብሎ፣ ትንሽ አሳጥሮ የሚደግም፣ ሕፃን ልጅ አንዴ ሰምቶ የሚይዘው። ማንም ሊያሻሽለው አልሞከረም። ቢሞክሩ ኖሮ የሚሞት ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋትም ተነስቼ ነው። እኛ አንድ ወቅት ወደ ቺክቺካ ልናስገባው ሞክረን ነበር፤ ሰርግ ላይ ቺክቺካ የማያስነሳው ሰው የለም ብለን። ልምምድ ላይ ራሱ ተበላሸ። ዜማው በአራት የተቆጠረ ነው፣ ቺክቺካው በስድስት ይጎትተዋል፣ ሐረጉ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጊታር የሚይዘው ልጅ «ይሄ ላምባዳ ሳይሆን አንካሳ ነው» አለና ተውነው። ምቱን መቀየር ይቻላል፣ ግን ዜማው የሚቆምበት መሬት መቅረት አለበት።

ሌላው ሙከራዬ ደግሞ የባሰ ነው። ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ ትንሽ ሞራል ነገር ያዘኝና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆጪ አካባቢ የነበረ ሰርግ ላይ «ዛሬ እንደ ባለቤቶቹ ነው የምጫወተው» አልኩ። ከበሮውን አጠፋሁ። የዋሽንት ድምፅ መረጥኩ። ሁልጊዜ 120 ገደማ ላይ የማስቀምጠውን ቴምፖ ወደ ታች አወረድኩት። ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ሳልደርስ የጭፈራው ቦታ ባዶ ሆነ። ሰው ቆሞ አየኝ፣ ከዚያ ቁጭ አለ፣ ከዚያ ቡና ቀረበ። የሙሽራው ሚዜ መጥቶ በጣም በትሕትና «ችግር አለ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ። ወዲያው አኮርዲዮኑን መለስኩ፣ ቢቱን ለቀቅኩት፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቦታው ሞላ። ያው ዜማ ነው እኮ! አንድ ኖታ አልቀየርኩም።

ስለዚህ ኮቨር፣ ማለትም የሌላ ሰው ዘፈን መልሶ መሥራት፣ ዋናውን ይገድላል የሚሉ ሰዎች ጋ አልስማማም፣ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ። ዋናው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጅማ አይደርስም ነበር፤ ቦሊቪያ ውስጥ የሚወደድ ቆንጆ የትካዜ ዘፈን ሆኖ ይኖራል፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን እዚህ ድንኳን ውስጥ በጨለማ አይዘፈንም። የኔ ቅሬታ ስሙ ላይ ነው። ዜማው ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ስሙ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ የሚያነሳው ከሌለ ደግሞ ሌላ ስም ይለጠፍበታል።

ይህንን ስጽፍ ራሴንም እየተናገርኩ ነው። የእኛ አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ለደራሲ በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብቱን ያስከብራል፤ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም አለው። ጅማ ውስጥ ሰርግ ላይ ስንጫወት ይህን ያስታወሰ አላጋጠመኝም። ሙሽሪትን የምንሸኝባቸው የባህል ዘፈኖች የሁሉም ስለሆኑ፣ የተቀሩትንም እንደዚያው የማየት ልማድ አለብን። «የድሮ ነው» እንላለን፤ የድሮ ማለት የማንም ማለት ይመስል። ደራሲው ደግሞ ምናልባት አዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የራሱን ዜማ በሰው ስም ይሰማል። እኔ ራሴ ከአንድ ነባር ዘፈን ላይ መግቢያውን ወስጄ የራሴ አድርጌ ስጫወት ነው የኖርኩት፤ ማን ይጠይቀኛል ብዬ።

አሁን ያደረግነው ነገር ትንሽ ነው። የምንጫወታቸውን የምንጽፍበት ደብተር አለን፣ ገጹ ቡና የተደፋበት፣ እስከ ዛሬ የዘፋኝ ስም ብቻ ነበር የሚጻፍበት። አጠገቡ ሌላ መስመር ከፈትን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ የሚል። ከ80 ዘፈን ውስጥ ሳንጠይቅ የሞላነው 19 ነው። ሌላውን ከድሮ ካሴት ሽፋን ላይ እየፈለግን ነው፤ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የድሮ ካሴት ያከማቹ አንድ አባት ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አስቸግራቸዋለሁ። «ላምባዳ» የሚለው ላይ «ኤርሞሳ፣ ቦሊቪያ» ብዬ ስጽፍ የሳውንዱ ልጅ ከጎኔ ቆሞ «ህንድስ?» አለኝ። ህንድን በቅንፍ ጨመርኩለት፤ ሰላም ይሻላል።

የሎአልዋ ብራዝን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ያን ሁሉ ዓለም ያስጨፈረችው ሴት በ2017 ብራዚል፣ ሳኳሬማ በሚባል የባሕር ዳር ከተማ በዘራፊዎች ተገደለች። ዜናውን ያኔ ሰምቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ድምፅዋን ግን ከእናቴ ድምፅ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሳልሰማው አልቀርም።

ባለፈው ሳምንት የቅልቅሉን አጎት መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቡና ልጋብዝህ አሉኝና ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ታሪኩን ከላይ እስከ ታች ነገርኳቸው፤ ቦሊቪያውን፣ ፈረንሳዮቹን፣ ክሱን። ወንድማማቾቹ መርታታቸውን ስነግራቸው ጭናቸውን መትተው «ጎበዝ!» አሉ። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና የ1981ዱን ቅጂ ከፈትኩላቸው። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ ዋናው ይሄ ነው።»

ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ስልኬን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ድንጋዩ አልቋል መሰለኝ» አሉ። «ቴፑ እየጎተተ ነው።»